ንግግሩ የጠፋው ቮልዩም አንሶ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ቤት ውስጥ ሲኒማ ድምጽ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጉዳዩ እኔንም ለዓመታት ያንገበገበኝ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው ችግሩን ጥሩ አድርገው ገልጸውታል። ፊልም ከፍታችሁ ትቀመጣላችሁ። ሰዎቹ ሲያወሩ አይሰማም። ድምጽ ትጨምራላችሁ። ገና ወሬውን መከታተል ስትጀምሩ አንድ ነገር ይፈነዳል፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የተኛ ልጅ ይነሳል። ተጣድፋችሁ ትቀንሳላችሁ። ወሬው ተመልሶ ይጠፋል። ፊልሙ እስኪያልቅ ሪሞት ከእጅ አይወርድም።

እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል። መፍትሔው ላይ ስንደርስ ግን ተለያየን። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ጥፋቱ የፊልም ድምጽ የሚሠሩት ባለሙያዎች ነው፤ ማንም አይቆጣጠራቸውም፤ ተመልካቹም ሊያስተካክለው አይችልም። ሴንተር ስፒከር፣ ማለትም ቲቪው አጠገብ መሐል ላይ የሚቀመጠው፣ ትርፍ ነገር ስለሆነ ነቅሎ በሁለት ስፒከር መጠቀም ይሻላል። ሳብዉፈሩን (ወፍራሙን ድምጽ፣ ቤዙን የሚያወጣውን ስፒከር) ማጥፋት፣ ናይት ሞድ (በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምጽ መሐል ያለውን ልዩነት የሚያጠብ ሴቲንግ) አብርቶ እንደበራ መተው። ምንጣፍና መጋረጃ የስቱዲዮ ጣጣ ነው። ይህ ሁሉ ካልሠራ ሰብታይትል ማብራት።

አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው። አንዱ ግን ነገሩን ከድጡ ወደ ማጡ ይከተዋል። እሱ ላይ ስንደርስ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚያገባኝ ልንገራችሁ። አባቴ ፊልም ይወዳል። ዕድሜው ከሰባ አልፏል። ሁልጊዜ የሶፋው ቀኝ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው በተናገረ ቁጥር «ምን አለ?» ማለት ጀመረ። እኛም እየደገምንለት እናያለን። ቆይቶ መጠየቁን ተወ። አንድ ቀን ፊልሙ ሲያልቅ «አባዬ፣ እንዴት ነበር?» አልኩት። «ደህና ነው፣ ተኩሱ በዛ እንጂ» አለኝ። ትንሽ ስናወራ ገባኝ። ታሪኩን ጨርሶ አልተከታተለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምስል ሲያይ ነው ያመሸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት።

ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ዋና ልዩነትም ከዚያ ይጀምራል። እሳቸው ችግሩን የመጠን ችግር አድርገው አይተውታል። አንዱ ድምጽ አነሰ፣ ሌላው በዛ፤ በቃ። እኔ ግን አብዛኛው ችግር የጥራት ነው እላለሁ። ንግግሩ ጆሯችን ድረስ ይመጣል፤ ጠርቶ አይመጣም።

ንግግር የምንሰማበትን መንገድ እንየው። አናባቢዎች ጉልበታሞች ናቸው። አ፣ ኦ፣ ኡ ስንል አብዛኛው ጉልበት ከ1,000 ሄርዝ በታች ነው (ሄርዝ ድምጽ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምጹ ይቀጥናል)። ቃልን ከቃል የሚለዩልን ግን በብዛት ተነባቢዎቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ደካሞች ናቸው። ብዙዎቹን የምንለይበት ምልክት ከ1,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው ክልል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው የሚገኘው።

«ሰጠው» እና «ሸጠው» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስቡ። ልዩነታቸው አንድ ፊደል ነው። የስ ፉጨት አብዛኛው ከ4,000 ሄርዝ በላይ ነው። የሽ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ያ አካባቢ ከታፈነ ወይም በሌላ ድምጽ ከተሸፈነ ቮልዩሙን የቱንም ያህል ብትጨምሩ ሰውየው ቤቱን ይስጠው ይሽጠው አታውቁም። «መጣ» እና «መታ»ም እንዲሁ ናቸው። አባቴ «ምን አለ?» ሲል ሰው መናገሩን አጥቶት አልነበረም። ሰምቷል። ቃሉን ነው ያልለየው።

ይህን ይዘን ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንሂድ፤ ጥፋቱ ሁሉ የባለሙያዎቹ ነው ወደሚለው።

የሲኒማ ድምጽ የሚቀላቀልበት ክፍል በልኬት ነው የሚስተካከለው። አንድ የመለኪያ ድምጽ ከዲጂታሉ ጣሪያ፣ ማለትም ቅጂው ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን (ዜሮ ከሚባለው)፣ 20 ዴሲቤል (የድምጽ መጠን መለኪያ ነው) ዝቅ ብሎ ሲለቀቅ ከእያንዳንዱ የፊት ስፒከር 85 ዴሲቤል እንዲወጣ ይደረጋል። ስለዚህ አንድ ስፒከር እስከ ጣሪያው ሲሄድ 105 ዴሲቤል ይደርሳል። ለዝቅተኛ ድምጽ (ለወፍራሙ፣ ለቤዙ) ብቻ የተመደበው ቻናል ደግሞ እስከ 115። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ግድግዳውም ድምጽ እንዳይመልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። እዚያ ሹክሹክታም ይሰማል።

ቤት ውስጥ በዚያ ልክ የሚያዳምጥ ጥቂት ነው። 20 ዴሲቤል ዝቅ አድርገን እናዳምጣለን እንበል። በሲኒማው ክፍል 75 ዴሲቤል የነበረው ንግግር 55 ይሆናል። ይህ ችግር የለውም፤ ሁለት ሰው ተቀራርቦ ሲጫወት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሹክሹክታው ግን ከዚያ በ20 ዴሲቤል ያንሳል እንበል። 35 ላይ ወረደ ማለት ነው። ማራገቢያው ሲዞር፣ ውጭ መኪና ሲያልፍ የቤቱ የራሱ ጫጫታ 35 እና 40 ይደርሳል። ሹክሹክታው ሰመጠ። ፍንዳታው ግን አሁንም 85 ላይ ነው።

ይህ የማን ጥፋት ነው? ለአዳራሽ የተሠራ ቅልቅል ሳይነካ ወደ ቤት ከተላከ የላከው ሰው ጥፋት ነው፤ አልከራከርም። ብዙ ፊልሞች ግን ለቤት ተብለው እንደገና ይቀላቀላሉ። ማንም አይቆጣጠራቸውም የሚለውም ልክ አይደለም። ኔትፍሊክስ የሚረከባቸው ሥራዎች ንግግራቸው በአማካይ -27 ኤልኬኤፍኤስ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ድምጽ ለጆሮ ስንት ያህል እንደሚሰማ የሚለካ መለኪያ ነው። ከዚያ ከፍ ዝቅ ማለት የሚፈቀደው በ2 ብቻ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ድምጽ ደግሞ ከ-2 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2010 ለስርጭት የአንድ ፕሮግራም አማካይ -23 እንዲሆን ደንብ አውጥቷል።

የኔትፍሊክሱን ቁጥር ልብ በሉት። ከአማካዩ ንግግር እስከ ተፈቀደው -2 ድረስ 25 ዴሲቤል ያህል ክፍት ቦታ አለ። 10 ዴሲቤል ሲጨመር ለጆሮ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማል። ይህ ርቀት ታስቦበት የተተወ ነው። በር ተንኳኩቶ ሰው የሚደነግጠው፣ ነጎድጓድ ነጎድጓድ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም እኩል ይጩህ ማለት ፊልሙን ማደንዘዝ ነው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታም አለ። አሁን ብዙ ተዋናዮች ቃል እየዋጡ፣ በአፍንጫቸው ሥር ነው የሚናገሩት። በልብስ ሥር የተደበቀ ማይክ ተነባቢዎቹን ያፍናል። ቀረጻው ጫጫታ ያለበት ቦታ ሆኖ ንግግሩ በኋላ በስቱዲዮ ካልተደገመ ጉድለቱ ከፊልሙ ጋር ይቀራል። እሱን ቤት ውስጥ ልናስተካክለው አንችልም።

ግን የትኛው ጥፋት የፊልሙ፣ የትኛው የቤታችን እንደሆነ የምንለይበት ቀላል መንገድ አለ። ያልገባችሁን ትዕይንት በጆሮ ማዳመጫ መልሳችሁ ስሙት። በጆሮ ማዳመጫም ካልገባ የፊልሙ ነው። ከጠራ የቤታችሁ ነው። እኔ ከሞከርኳቸው አብዛኞቹ ጠሩ። ያን ጊዜ ባለሙያዎቹን መራገም አቆምኩ።

አሁን ወደ ሴንተር ስፒከሩ። ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ይህ ምክር ነው።

በ5.1 ድምጽ፣ ማለትም በአምስት ስፒከርና በአንድ ሳብዉፈር በሚሰማው፣ ውስጥ ንግግሩ ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚመጣው ከመሐል ነው። ግራና ቀኙ ሙዚቃና ኢፌክት ይዘዋል፤ የኋላዎቹ የአካባቢውን ድምጽ። ሴንተሩን ነቀላችሁ ማለት የንግግሩን መንገድ ነቀላችሁ ማለት ነው። ነቅላችሁ ለአምፕሊፋየሩ (ድምጹን ለየስፒከሩ ለሚያከፋፍለው መሣሪያ) ሴቲንጉ ላይ ካልነገራችሁት ደግሞ የባሰ ነው። እሱ አሁንም ስፒከሩ ያለ መስሎት ንግግሩን ወደዚያ ይልካል። እናንተ ሙዚቃና ተኩስ ትሰማላችሁ፤ ሰዎቹ ከሩቅ ክፍል የሚያወሩ ይመስላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሴንተር እያላችሁም ንግግሩ እንዲህ የራቀ ከሆነ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ገመዱን እዩት። ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ለአምፕሊፋየሩ ሴንተር የለም ብላችሁ ብትነግሩትስ? ያኔ ንግግሩን ለሁለት ከፍሎ፣ በየበኩሉ 3 ዴሲቤል ቀንሶ ለግራና ለቀኙ ይሰጣል። ንግግሩ ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ጋር በአንድ ስፒከር ውስጥ ተጋፍቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ንግግሩን ለብቻው ከፍ ላድርግ ብትሉ አይቻልም። ተቀላቅሏል።

በዚህ ላይ የጆሮ ነገር አለ። ሁለት ስፒከር አንድ ዓይነት ድምጽ ሲያወጣ መሐል ለተቀመጠ ሰው ድምጹ ከመሐል የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ጆሮ ሁለቱንም ስፒከር ይሰማል፤ የሩቁ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚህች መዘግየት ሁለቱ ሞገዶች 2,000 ሄርዝ አካባቢ ይጣፋሉ። ተነባቢዎቹ የሚኖሩበት ሰፈር ማለት ነው። ከመሐል ወጥቶ ዳር ለተቀመጠ ደግሞ ድምጹ ወደ ቅርቡ ስፒከር ይሳባል። ሰውየው ስክሪኑ መሐል ቆሞ ድምጹ ከግድግዳው ጥግ ይመጣል።

ጸሐፊው ሴንተሬን ነቅዬ ንግግሩ ተሻሻለልኝ ብለዋል። አምናቸዋለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ምክንያቱ ሴንተር ትርፍ ስለሆነ አይመስለኝም። ሴንተር ስፒከር ብዙ ቤት ውስጥ በአቀማመጥ ነው የሚበደለው። ተበድሎ የተቀመጠ ሴንተር ደግሞ ከሌለው ሊብስ ይችላል።

የኔን ልንገራችሁ። ቲቪው ከተቀመጠበት መደርደሪያ ሥር ባለው ክፍት ቦታ ውስጥ ነበር። ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ከላይ ጣውላ፣ ከታች ጣውላ፣ ከግራና ከቀኝ የተደረደሩ ዕቃዎች። አንድ ማታ ገመድ ላይ ወደቀብኝ ያልኩትን ነገር ልፈልግ ፊልሙ እየሄደ ተንበረከክሁ። ጭንቅላቴ ከስፒከሩ ጋር እኩል ሲሆን ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ፊቴ ላይ የምታወራ መሰለኝ። ቃሏ አንድ በአንድ ጠራ። ብድግ ስል ድምጿ ታፈነ። እንደገና ተንበረከክሁ፤ ጠራ። ልጆቼ ምን ሆነ ብለው ያዩኛል። ነገሩ ግልጽ ነው። ስፒከሩ ለጉልበታችን ነበር የሚያወራው። ቀጭኑ ድምጽ፣ ማለትም ተነባቢዎቹ፣ ቀጥታ ነው የሚሄደው፤ እንደ ወፍራሙ ዕቃ ዞሮ አይመጣም።

ያን ማታ ስፒከሩን ወደ ፊት ሳብኩት፤ አፉ ከመደርደሪያው ጫፍ ትንሽ ወጣ እስኪል። ካርቶን አጣጥፌ ከፊት እግሩ ሥር አስገባሁና ግንባሩን ወደ ሶፋው ቀና አደረግሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ንግግሩ ተለወጠ። ቮልዩሙን ከወትሮው ዝቅ አድርገን ማየት ጀመርን፤ ፍንዳታውም በዚያው ልክ ዝቅ አለ። ጸሐፊው ሁለት ችግር ያሉት ነገር እዚህ ላይ አንድ ሆኖ ይገኛል። ንግግሩ ሲጠራ ቮልዩም መጨመር አያስፈልግም። ቮልዩም ካልጨመርን ደግሞ የሚያስደነግጠን የለም።

አባቴ ግን አሁንም «ምን አለ?» ይል ነበር። እኔ ከመሐል ሆኜ ሁሉም ጠርቶልኛል። አንድ ቀን እሱ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ቃላቱ ደብዝዘዋል። የብዙ ሴንተር ስፒከር አሠራር በአግድም የተኛ ነው፤ መሐል ትንሿ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ትልልቅ ክቦች። ከፊት ለፊት ሆናችሁ ስትሰሙ ሁለቱ ክቦች እኩል ይደርሷችኋል። ዳር ላይ ሆናችሁ ስትሰሙ አንዱ ከሌላው ይዘገይና አንዳንዱን ድምጽ እርስ በርስ ያጠፋፉታል። የሶፋው ቀኝ ጫፍ በትክክል እዚያ ነው። መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም። ቦታ ተቀያየርን። እሱ መሐል፣ እኔ ዳር።

አቀማመጡ ከተስተካከለ በኋላ ልኬቱ ይመጣል። አምፕሊፋየሮች የመለኪያ ድምጽ አላቸው፤ በየስፒከሩ ተራ በተራ ያሰማሉ። በተለመደው አሠራር ሁሉም ከመቀመጫችሁ ላይ 75 ዴሲቤል እንዲያሳዩ ነው የሚደረገው። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጣችሁ ይችላል፤ አንዱን ስፒከር ከሌላው ለማወዳደር ግን ይበቃል። እኩል ካደረጋችሁ በኋላ ሴንተሩን ብቻ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ አድርጉት። ይህ ጸሐፊው የፈለጉት ነገር ነው፤ ንግግሩ ከፍ ይላል፣ ኢፌክቱ ባለበት ይቀራል። ግን ሴንተር ከሌለ የሚነካ ነገር የለም። ከዚያ በላይ ብዙ አትሂዱ። መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ መሐል ላይ ድንገት ይጮህባችኋል።

ሴንተር ለሌላችሁ፣ በቲቪው በራሱ ስፒከር ለምታዩትም አንድ ነገር ልበል። የምታጫውቱበት መሣሪያ 5.1 እንዲያወጣ ተደርጎ ከሆነ ወደ ስቴሪዮ ቀይራችሁ ሞክሩት። በአንዳንድ ቲቪ ላይ ይህች ብቻ ንግግሩን ትመልሳለች።

ወደ ሳብዉፈሩ ልለፍ። አጥፉት የሚለው ምክር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ከባድ ዝቅተኛ ድምጽ ከሱ በላይ ያለውን እንደሚሸፍን እውነት ነው። የጆሯችን ተፈጥሮ ነው። ሲያጉረመርም የሚውል ሳብዉፈር ንግግርን ይጎዳል። ግን ለምን ያጉረመርማል? አንዱ ምክንያት ጥግ ውስጥ ስለሚወሸቅ ነው። ጥግ ሁለት ግድግዳና አንድ ወለል አለው፤ ሦስቱም ዝቅተኛውን ድምጽ ያጎለብቱታል። ሌላው ምክንያት እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ድምጽ እየቀነሰ ሲሄድ ጆሯችን ቀድሞ የሚያጣው ዝቅተኛውን ነው። ቀስ አድርገን ስናዳምጥ ቤዙ የጠፋ ይመስለንና ሳብዉፈሩን እንጨምራለን። በማግስቱ ቮልዩም ከፍ ስናደርግ ቤቱ ይናወጣል። የጨመርነውን ረስተነዋል።

ከጥጉ አውጡት፤ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ቀንሱት። ማጥፋት ግን ሌላ ጉዳት አለው። አምፕሊፋየሩ ከሌሎቹ ስፒከሮች ቆርጦ የሚወስደውን ዝቅተኛ ድምጽ የሚልከው ወደ ሳብዉፈሩ ነው። መቁረጫው ብዙ ጊዜ 80 ሄርዝ ነው፤ ትንንሽ ስፒከር ባለበት ቤት 120 ወይም 150 ሊሆን ይችላል። ወፍራም የወንድ ድምጽ መሠረቱ 100 ሄርዝ አካባቢ ነው። ሴቲንጉን ሳትቀይሩ ሳብዉፈሩን ካጠፋችሁት የሰውየውን ደረት ነው የምትወስዱበት። ድምጹ ቀጭን፣ ስልክ የሚመስል ይሆናል።

ናይት ሞድን በተመለከተ ጸሐፊውን በግማሽ እደግፋለሁ። ልጅ ተኝቶ፣ ግድግዳው ስስ ሆኖ ማየት የግድ ከሆነ አብሩት። ለዚያ ነው የተሠራው። ዝቅ ያለውን ያነሳል፤ ከፍ ያለውን ይጫነዋል። ንግግሩ የቱ እንደሆነ ግን አያውቅም። ሹክሹክታውን ሲያነሳ ከጀርባው ያለውን ነፋስ፣ ዝናብና የመኪና ጩኸትም አብሮ ያነሳል። ጥራቱ ያው ነው፤ የታፈነው ንግግር የታፈነ ሆኖ ጮክ ይላል። እንደበራ ትቶ መኖር የማልመክረው ለዚህ ነው።

በተለይ ሁለትና ሦስት ቦታ እንዳይበራ ተጠንቀቁ። ቲቪው አለው፣ ማጫወቻው አለው፣ አምፕሊፋየሩም አለው። ተደራርበው ሲበሩ ድምጹ እንደሚያለከልክ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል። አንዱ ተናግሮ ሲያበቃ ከጀርባ ያለው ዝናብ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ሌላው አፉን ሲከፍት ተመልሶ ይወድቃል። አንዴ ከሰማችሁት ሌላ ነገር መስማት አትችሉም። አንድ ቦታ ብቻ፣ በዝቅተኛው ደረጃ ይብራ። ከዚህ የተሻለው ንግግሩን ለይቶ የሚያነሳው ነው። አማዞን ፕራይም ቪዲዮ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአንዳንድ ሥራዎቹ ዳያሎግ ቡስት የሚል አማራጭ አስገብቷል፤ በዚያው ዓመት አፕል ቲቪ ላይም ንግግርን የሚያጎላ ሴቲንግ መጥቷል። ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ምንጣፍና መጋረጃ የስቱዲዮ ጣጣ ነው የሚለው ደግሞ አሳዘነኝ። ከሁሉ ቀላሉን መፍትሔ ነው ሰው እንዳይሞክረው ያደረጉት። ሶፋችሁ ላይ ቁጭ ብላችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ጥርቅ ብሎ ካበቃ ደህና ነው። ከጥርቅታው በኋላ ዝዝዝ የሚል ጭራ ከተከተለ እያንዳንዱ ተነባቢ ያችን ጭራ እየጎተተ ነው የሚመጣው። የ«ሰ» ጭራ «ጠ» ላይ ይወድቃል፣ የ«ጠ» ደግሞ ቀጥሎ ባለው ላይ። ባዶ ወለል፣ ሰፊ መስታወት፣ ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን እንዲህ ነው። በስፒከሩና በሶፋው መሐል ያለ ወለል ላይ ወፈር ያለ ምንጣፍ፣ መስታወቱ ላይ ከባድ መጋረጃ ያስፈልጋል። ስሱ መጋረጃ ብዙ አይጠቅምም። ፊት ለፊታችሁ የመስታወት ጠረጴዛ ካለ ፊልም ስታዩ ወደ ጎን አድርጉት፤ የሴንተሩን ድምጽ እንደ መስታወትነቱ መልሶ ነው የሚያንጸባርቅባችሁ።

ሶፋውን ማቅረብም ይረዳል። ከ4 ሜትር ወደ 3 ሜትር ስትቀርቡ ከስፒከሩ ቀጥታ የሚመጣው ድምጽ 2.5 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ግን ባለበት ነው የሚቀረው። ንግግሩ ከጭራው በለጠ ማለት ነው።

ሰብታይትል ላይ አልከራከርም። ጆሮው ለደከመ፣ ቋንቋው ለማይገባው ሰው ባለውለታ ነው። ግን መስማት ለሚችል ሰው የመጀመሪያ መፍትሔ አይሁን። ዓይን ወደ ጽሑፍ ሲወርድ ከተናጋሪው ከንፈር ይነሳል። ከንፈር ማየት ደግሞ በጫጫታ ውስጥ ቃል ለመለየት በጣም ይረዳናል። ሌላም ነገር አለ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት መቀነስ የሚጀምረው ከቀጭኑ ድምጽ ነው፤ ከተነባቢዎቹ። ሰውየው መስማቱን አያጣም። «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» ነው የሚለው። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ካለ ሰብታይትል አብርታችሁ አትለፉት። እኔ አባቴን የጆሮ ምርመራ ወሰድኩት። ቀጭኑ ድምጽ ላይ ትንሽ ቀንሷል ተባለ። ብናውቀው ኖሮ ሦስት ዓመት ከሶፋው ዳር አናስቀምጠውም ነበር።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያድሱ ከሆነ ሌላው ይቅር፤ ሴንተሩን ንቀሉ የሚለውን አንቀጽ እንዲያዩት እለምናለሁ። የነቀሉት ስፒከር አሁንም ቤት ካለ መልሰው ይሰኩት። ከመደርደሪያው ጫፍ ያውጡት፣ ግንባሩን ወደ ጆሯቸው ቀና ያድርጉት፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ሴንተር አለ ብለው ይንገሩት። ከዚያ ያንኑ ፊልም፣ ያንኑ ትዕይንት፣ በዚያው ቮልዩም ይስሙት። ልዩነት ካጡበት ይጻፉልኝ፤ እኔም የጻፍኩትን አርማለሁ።